ጠገራውን ያጠቆርሁት እኔ ነኝ

መጀመሪያ አንድ ነገር ላይ እንስማማ፤ እኔ ሰው አላምንም። ሚዛን አምናለሁ፣ እሱንም ባትሪው በፊቴ ከተቀየረ። ዳቦ ስገዛ ገልብጬ ታቹን አያለሁ። ባጃጁ "ፋሲሎ! ፋሲሎ!" እያለ ቢጠራ እንኳ ከገባሁ በኋላ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው "ፋሲሎ ነው አይደል የሚሄደው?" ብዬ እጠይቃለሁ። ሰውየው "አዎ" ሲለኝ ደግሞ ከሹፌሩ ጋር ይተዋወቁ ይሆን ብዬ ፊታቸውን አስተያያለሁ። እናቴ "ይህችን ልጅ ገና ሆዴ ውስጥ እያለች አንድ ሰው አታሏታል" ትላለች። ሊሆን ይችላል። ማን እንደሆነ ግን እስካሁን አልደረስሁበትም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው የድሮ ጠገራ ብር ልሰብስብ ብሎ ሲነሳ ምን እንደሚከተል አስቡት።

ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር የምሸጥባት ሱቅ አለችኝ። ሱቅ ስላችሁ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ ቆሞ የሚከራከርባት ናት። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ የስልኩን ሽፋን ሲያወልቅ ከጀርባው አንድ ጠገራ ዱብ አለ። "ለበረከት ነው የምይዘው" አለኝ። አንስቼ ያዝሁት። ትልቅ፣ ቀዝቃዛ፣ ከባድ። በአንዱ ፊቱ ደረተ ሰፊ ሴትዮ፣ በሌላው ሁለት ራስ ያለው ንስር። ሴትዮዋ አፏን ገጥማ በጎን ታያለች፤ ልክ እኔ መልስ የሚቆጥርልኝን ሰው እንደማየው። እንዲህ የምትመስለኝ ሴት አይቼ አላውቅም። ወደድኋት።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬን ትቼ ስልኬ ላይ ማንበብ ሆነ። የሰብሳቢዎች ቡድን አገኘሁና ገባሁ። በእነሱ ዘንድ ብር፣ ብር ስለሆነ ብቻ አይከበርም፤ የሚታየው ሁኔታው ነው። የሴትዮዋ ትከሻ ተፍቋል ወይስ አልተፋቀም? የፀጉሯ ዘለላ ይለያል? የንስሩ ላባ በደንብ ይታያል? ጠርዙን ዙሪያውን የከበበው ጽሑፍ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል? ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ሕግ አለ፤ የድሮ ብር አይታጠብም። ላዩ ላይ ያለው ጥቁረት ዕድሜው ነው። ያጠበው ሰው ዕድሜውን ዘርፎታል፤ ከዚያ በኋላ ያ ብር በሰብሳቢ ፊት እንደ ሞተ ይቆጠራል። ይህን ሕግ ባነበብሁ ቀን ከዐሥርቱ ትእዛዛት ቀጥዬ ልቤ ውስጥ ጻፍሁት።

ገበያ ወጣሁ። በባሕር ዳር ጠገራ የሚሸጥ ሰው ሁሉ አንድ አያት አለው፤ ያ አያት አንድ ማሰሮ ሙሉ ብር ቀብሮ ሞቷል። የተባሉት ማሰሮዎች ሁሉ እውነት ቢሆኑ ኖሮ ከዚህ እስከ መሸንቲ ያለው መሬት ሲረገጥ ይንሿሿ ነበር። የመጀመሪያው ሻጭ ሦስት ጠገራ ዘረጋልኝ። ማጉያ መነጽሬን አውጥቼ አንድ በአንድ አየሁ። በሦስቱም ላይ የተጻፈው ዓመት አንድ ነው።

"ያዝሁህ!" አልሁት።

"ምኑን ያዝሽኝ?"

"ሦስቱም በአንድ ዓመት ነው የተሠሩት?"

"እና ቢሆኑስ? እህትና ወንድም አንድ ቤት አይወለድም?"

ትቼው ወደሚቀጥለው ሄድሁ። እሱም ጋ ያው ዓመት። ከእሱ ቀጥሎ ያለችው ሴትዮ ጋም ያው። ላብ አጠመቀኝ። ከተማውን ሙሉ የሚመግብ አንድ የሐሰተኛ ብር ፋብሪካ እንዳለ ገባኝ። ሦስቱንም በየተራ "እናንተ እኮ አንድ ናችሁ!" አልኋቸው። ሴትዮዋ "እኔ ከእነሱ ጋር ሰላምታም የለኝ" ብላ አለቀሰች። ፖሊስ ጣቢያ ልሄድ ስል ለማንኛውም ብዬ ቡድኑን ጠየቅሁ። ሳቁብኝ። ለካ ጠገራ ሁሉ ላይ የሚጻፈው አንድ ዓመት ነው፤ ብሩ ላይ ያለችው ሴትዮ ከሞተች በኋላም ያንኑ ዓመት እየጻፉ ሲያትሙ ኖረዋል። ያልጠረጠረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው አሉኝ።

አፈርሁ? አላፈርሁም። ቡድኑን ተጠራጠርሁ።

በዚህ ዕውቀቴ ነው እንግዲህ የሰው ሠርግ ውስጥ የገባሁት።

ከሱቄ ቀጥሎ እትየ ሰዓዳ ጨርቅ ይሸጣሉ። ከአባት ከእናታቸው ጀምሮ ነጋዴ ናቸው፤ ጣቃውን ገና ሳይዘረጉት ስንት ክንድ እንደሆነ ይነግሯችኋል። ልጃቸው ዘሀራ ጓደኛዬ ናት። ዘሀራ ለጎርጎራው ልጅ ለአብዱ ታጭታለች። በቴሌቪዥን እንደሚታየው ዓይነት ፍቅር ነው ያላቸው፤ ስልኩ ሲጠራ እኔ ሱቅ ውስጥ ሆኜ በግድግዳው በኩል ስትስቅ እሰማታለሁ። አብዱን ያሳደጉት አጎቱ ጋሽ ይማምና ሚስታቸው እትየ ከድጃ ናቸው። የራሳቸውን ልጅ አልወለዱም፤ ያላቸው እሱ ብቻ ነው። መህሩን፣ ባል ለሚስቱ የሚሰጠውን፣ ወንዶቹ ተነጋግረው ጨርሰዋል። ከመህሩ ሌላ ግን እትየ ከድጃ ራሳቸው ሙሽራ ሳሉ ያደረጉትን የአንገት ጌጥ፣ ስምንት ጠገራ በጥቁር ክር የተደረደረበትን፣ ለዘሀራ ጥሎሽ ብለው አስቀድመው በጀልባ ላኩ።

ጌጡ የደረሰ ዕለት እትየ ሰዓዳ ጠሩኝ።

"አንች የብር ዐዋቂ ሆነሻል አሉ። ነይ እስቲ እዪልኝ። አላምን ብዬ አይደለም።"

"አላምን ብዬ አይደለም" የሚል ሰው እንዳላመነ ዐውቃለሁ፤ የእኔው ቋንቋ ነው። ጨርቁን ስፈታው ዓይኔን ወጋኝ። ስምንቱም እንደ አዲስ ማንኪያ ያበራሉ።

"ማነው የገደላቸው?" ብዬ ጮህሁ።

እትየ ሰዓዳ ብድግ አሉ። "ማን ሞተ?"

"ታጥበዋል! በሎሚ ፈትገዋቸዋል!"

"ታዲያስ? ለሙሽራ ቆሻሻ ይላክላት?"

ይህን ጊዜ ጥርጣሬዬ ተነሳ። እንዲህ የሚያበራ ብር ወይ ታጥቧል ወይ ትናንት ተሠርቷል። ትከሻ አየሁ፣ ፀጉር አየሁ፣ ላባ አየሁ፣ ጠርዝ ዳሰስሁ። አንደኛው ፊቱ ትንሽ የደበዘዘ መስሎኝ ነበር፤ ግን ሁሉንም ስለተጠራጠርሁ እሱን ለይቼ አልተጠራጠርሁትም። ማጉያዬን አውልቄ በረጅሙ ተነፈስሁ። እንዲህ ያለ ትንፋሽ ከሐኪም ሲወጣ ሰው ይወድቃል።

"ምንድን ነው?" አሉ እትየ ሰዓዳ።

"እርግጠኛ አይደለሁም።"

"ሐሰት ነው እያልሽኝ ነው?"

"አላልሁም። ብር ነውም አላልሁም።"

"በሐሰት ከጀመሩማ ልጄን አልሰጥም!" ብለው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አደረጉ። ከዚያ ወጥተው ለደንበኛቸው ጨርቅ ሲቀድዱ ድምፁ ልክ የእኔ ልብ የተቀደደ ያህል ተሰማኝ።

ዘሀራ ክንዴን ይዛ ወደ ጓዳ ጎተተችኝ።

"አንች! ይህን ጋብቻ ካፈረስሽብኝ ዕድሜ ልክሽን በዚያ ግድግዳ በኩል ሳለቅስ ነው የምትሰሚኝ።"

"ብር መሆኑን ላረጋግጥልሽ እችላለሁ።"

"በምን?"

"በእንቁላል።"

በዓይኗ መዘነችኝ። ግን ምን ምርጫ አላት? ቡድኑ ውስጥ ያነበብሁት ነው። የተቀቀለ እንቁላል ተፈርክሶ ከብር ጋር ክዳን ባለው ዕቃ ቢዘጋ ሽታው ብሩን ያጠቁረዋል። ስለዚህ የማይጠቁር ከሆነ ብር አይደለም። ዘሀራ እንቁላሉን ቀቀለች፣ እኔ ፈረካከስሁ፣ ጌጡን ከላይ አስተኝተን በፕላስቲክ ዕቃ ዘጋነው። በማግስቱ ስንከፍተው ሽታው አንድ ነገር ነው፤ ብሮቹ ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ ስምንቱም እንደ ከሰል ጠቁረዋል። ለጥቁር ነገር እንደዚያ ቀን እልል ብዬ አላውቅም።

"ብር ነው! እትየ ሰዓዳ፣ ብር ነው!"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ። ሳሙኝ። ከዚያ ጌጡን አነሱና "በይ ዘሀራ፣ ሎሚና አመድ አምጪ፣ ይታጠብ" አሉ።

"እንዳትነኩት!" ብዬ መሐላቸው ገባሁ። "ዕድሜው እኮ ነው የተመለሰለት!"

"የእንቁላል ዕድሜ ነው" አለች ዘሀራ።

"ቢሆንም እያንዳንዱ እጥበት ይፍቀዋል። ኒካሁ ገና ነው፤ የዚያን ዕለት ጠዋት አንዴ ይታጠባል፣ አለቀ። እስከዚያ ባማረበት ይቀመጥ።"

እትየ ሰዓዳ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ግን ያወቀ ሰው የተናገረ መሰላቸውና ተዉት። ዘሀራም ልኩን ለማየት አንገቷ ላይ አድርጋ በመስታወት አየችውና መልሳ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። እዚህ ላይ እኔ ሱቄን ዘግቼ ጠፍቼ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራላችሁም ነበር።

እንግዶቹ ከተባለው ቀን ቀድመው መጡ። መንገዱ አያስተማምንም ብለው በተገኘችው ጀልባ ተሳፍረው ነው። እኔ እነ ዘሀራ ቤት ምሳ እየበላሁ ነበር። እትየ ከድጃ ገቡ፤ አጭር፣ ቀጥ ያሉ፣ ዓይናቸው በር ላይ ቆሞ ጓዳ ያለውን የሚያይ። ከኋላቸው ጋሽ ይማም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጀልባ ሲሠሩ የኖሩ፣ እጃቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው ትንሽ። ሰላምታው አለቀ። ምሳ ቀረበ። እትየ ከድጃ ገና እጃቸውን ሳይታጠቡ "ልጄ ጌጧን አድርጋ ልያት" አሉ።

እትየ ሰዓዳ እኔን አዩኝ። እኔ ሳህኔን አየሁ። ዘሀራ ሌላ ምን ታድርግ፣ አመጣችው።

ጨርቁ ተፈታ።

"ነጭ አድርጌ ነው የላክሁት" አሉ እትየ ከድጃ፣ ቀስ ብለው። "በእጄ ነው ያጠብሁት። አንገትሽ ላይ አድርገሽው ነበር?"

"ለልክ ብዬ... አንዴ ብቻ" አለች ዘሀራ።

"አንዴ ብቻ አድርገሽው እንዲህ ጠቆረ።"

ብር ሰው አንገት ላይ ከጠቆረ ሰውነቱ ውስጥ አንድ ነገር አለ ይባላል፤ ወይ ያልተነገረ በሽታ፣ ወይ የሰው ሥራ። ማንም ጮክ ብሎ አላለውም። ሁሉም ግን ዘሀራን ከራስ እስከ እግር አያት። እንደ ጠገራ ሁኔታዋን መረመሯት። እኔ ነኝ ይህን ዓይነት አተያይ ወደዚያ ቤት ያስገባሁት ብዬ ሳስብ የያዝሁትን ጉርሻ ሳህኔ ላይ መለስሁት።

"ኒካሁ ይቆየን" አሉ እትየ ከድጃ። "ልጅቱ መጀመሪያ ትታይ።"

"ልጄ ምን ሆና ነው የምትታየው?" እትየ ሰዓዳ ተነሡ።

"ዘሀራ አይደለችም!" አልሁ። "እኔ ነኝ ያጠቆርሁት!"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

"አንች ማነሽ?"

"ጎረቤት ነኝ። ብር ሰብሳቢ ነኝ። በእንቁላል ነው ያጠቆርሁት።"

እውነት መናገር ነገር ያቀላል የሚሉ ሰዎች እንቁላል የሚለውን ቃል እንዲህ ባለ ቤት ተናግረው አያውቁም። እትየ ከድጃ ጌጡን ከእጃቸው ጣሉት።

"በብሬ ላይ እንቁላል ሠራችሁ?"

"አልሠራንም፣ ማለቴ ሠርተናል፣ ግን መተት አይደለም! የእንቁላሉ ሽታ ነው። አስኳሉ ውስጥ የሚሸት ነገር አለ፣ ያ የሚሸተው ነገር ከብሩ ጋር..."

"የሸተተ እንቁላል ነው?"

"ደህና እንቁላል ነው! ያን ዕለት ዶሮ የጣለችው!"

"የየትኛዋ ዶሮ? ቀለሟ ምንድን ነው?"

ጥቁር ነበረች። እግዜር ይመስክር፣ ምን ዕዳ ነው ያቺ ዶሮ ጥቁር የሆነችው? እንደገና ሳህኔን አየሁ። እሱም ከንግግሬ ባሰ።

ጋሽ ይማም በዚህ ሁሉ መካከል ቆባቸውን እያወለቁ መልሰው ያደርጋሉ። "ኧረ ከድጃ፣ ብር ነው፣ ይጠቁራል፣ ተይው፣ ሳጥን ውስጥ ይግባ" ይላሉ። እንደሚጨነቁ አየሁ። ግን ስለ ልጅቷ የሚጨነቁ ሰው ልጅቷን ያያሉ፤ እሳቸው የሚያዩት ጌጡን ነው። ልብ አልሁ። ልማዴ ነው።

እትየ ከድጃ ፈረዱ። "ትጠበው። ይቺው ራሷ፣ በዓይኔ ሥር፣ በሐይቁ ውሃ። ከነጣ እንቁላል ነው፤ አምናለሁ። አንድም ሳይነጣ ከቀረ ግን እናንተ በባሕር ዳር እኛ በጎርጎራ።"

የእነ ዘሀራ ቤት ከሐይቁ ሩቅ አይደለም። በአንድ ሰልፍ ወረድን፤ እኔ ጌጡን ይዤ ከፊት፣ ሎሚና አመድ የያዘችው ዘሀራ ከኋላዬ፣ ሁለቱ እትየዎች ጎን ለጎን ግን ሳይነጋገሩ፣ መጨረሻ ላይ ጋሽ ይማም "ይበቃል፣ ነጥቷል" እያሉ። ገና ውሃው አልነካውም። ደንገሉ መሐል ገብቼ ተንበረከክሁ። ክሩን ፈትቼ አንዱን ጠገራ በአመድና በአሸዋ ያዝሁት። እኔ፣ የድሮ ብር አይታጠብም የምለው፣ በገዛ እጄ በአሸዋ ስፈትግ! ቡድኑ ቢያየኝ ያባርረኝ ነበር።

አንደኛው ነጣ። ሁለተኛው ነጣ። አንድ በነጣ ቁጥር እትየ ሰዓዳ "አየሽ?" ይላሉ፣ እትየ ከድጃ "ገና ነው" ይላሉ። የመጨረሻው ሲቀር ግን የእልክ ኃይል መጣብኝና ጠንክሬ አሸሁት። ጥቁሩ ለቀቀ። ነጩም ለቀቀ። ከሥሩ እንደ ድስት ቂጥ የቀላ መዳብ ብቅ አለ።

ሐሰተኛ! በመጨረሻ! በውስጤ ከበሮ ተመታ። ያ ሁሉ ዳቦ መገልበጥ፣ ያ ሁሉ ባጃጅ መጠርጠር፣ በከንቱ አልነበረም! አፌን ከፈትሁ። ከዚያ ቀና ስል ዘሀራን አየኋት። የሻርፗን ጫፍ ነክሳ እጄን እያየች ቆማለች፤ ዕድሜዋ በሙሉ መዳፌ ውስጥ ያለ ይመስል። አፌን ዘጋሁ። አፌን መዝጋት ምን እንደሚመስል ያወቅሁት ያን ዕለት ነው፤ ጥርስ ያማል።

እትየ ከድጃ የሚያዩ መስለው ጎንበስ አሉና ነጠላቸውን እጄ ላይ ጣል አደረጉበት።

"ዝም ብለሽ እጠቢ" አሉኝ በሹክሹክታ።

"እትየ፣ ይኼ እኮ..."

"መዳብ ነው። አንች ሳትወለጅ ጀምሮ መዳብ ነው።"

ማሸቴን አቆምሁ።

"ይማም ነው" አሉኝ። "ጥሎሼን ሲያመጣልኝ በታንኳ ነበር። ለጓደኞቹ እያሳየ ሲኩራራ አንዱ ከእጁ አምልጦ ውሃ ገባ። ቢጠልቅ ቢፈልግ አጣው። ጎዶሎ ይዞ ቢመጣ አባቴ እንደሚመልሰው ያውቃል። ለአንጥረኛ ሰጥቶ መዳብ ላይ ብር አስቀብቶ ሞላው።"

"እሳቸው ነገሩዎት?"

"እሱ? እስከ ዛሬ! መጀመሪያ ሳጥበው ራሱ ነገረኝ፣ መዳቡ። መልሼ በድብቅ ብር አስቀባሁት።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"ምን ልበለው? ሰባቱ የአባቱ ናቸው፤ የአባቱንማ ማንም ይሰጣል። ይኼኛውን ግን እንዳያጣኝ ፈርቶ፣ እየተንቀጠቀጠ የሠራው ነው። ስንጣላ ገልብጬ አየዋለሁ፤ ንዴቴ ይበርድልኛል። ለልጅቷ ራሴ እነግራታለሁ። እሱ ግን እንዳወቅሁ እንዳያውቅ፤ ኀፍረቱን አይችለውም።"

ቀጥ ብለው ቆሙና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "ነጥቷል! ልጅቷ ንጹሕ ናት፣ እንቁላሉም እንቁላል ነው! ኒካሁ በቀኑ ነው!" እትየ ሰዓዳ እልልታውን ለቀቁት። "ይቺ ግን" አሉ ወደ እኔ እየጠቆሙ፣ "የፈታችውን ክር ራሷ ትሥራው። ቀዩን ፊት..." ብለው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ፣ "ወደ ውስጥ።"

ቀዩ በሁለቱም ፊት ቀልቷል። አልነገርኋቸውም።

በማግስቱ ሱቄ ውስጥ ክር እየገመድሁ ሳለሁ ጋሽ ይማም ገቡ። "የስልክ ሽፋን ፈልጌ ነው" አሉ። ስልካቸውን አዩት፤ እኔም አየሁት። ቁልፍ ያለው፣ ባለ ትንሽ መስታወት ስልክ ነው። ለእሱ ሽፋን የሠራ ሰው በዓለም ላይ የለም።

"ልጄ፣ ስምንቱንም በደንብ አየሻቸው?"

"አየኋቸው።"

"አንዱ... አልቀላም?"

እትየ ከድጃ ሊፈትኑኝ ልከዋቸው ይሆን አልሁ በልቤ። "ምንም አልቀላም።"

"ቀልቷል" አሉና ዱካው ላይ ተቀመጡ። "ትናንት ፊትሽን አይቼዋለሁ። እኔም በዚያ ዕድሜዬ አንጥረኛው ሲያሳየኝ እንዲያ ነበር ፊቴ።" ከቀበቷቸው ውስጥ የተቋጠረ መሐረብ አወጡ። ፈቱት።

ጠገራ ነው። ጥቁር፤ የእንቁላል ጥቁረት ሳይሆን ለዘመናት ማንም ያልነካው ጥቁረት፣ ጠርዙ ላይ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ። ትከሻዋ ያልተፋቀ። የፀጉሯ ዘለላ የሚለይ። የንስሩ ላባ አንድ በአንድ። በቡድኑ ውስጥ በፎቶ ብቻ አይቼ "እውነት አይደለም" ብዬ የተከራከርሁበት ዓይነት። ብቸኛ ጉድለቱ አናቱ ላይ ለክር የሚሆን ጆሮ የተበየደበት መሆኑ ነው።

"ጀልባ ሠርቼ በሸጥሁበት ነው የገዛሁት፣ ዱሮ" አሉ። "ልቀይረው ብል ጌጡ ካንገቷ አይወርድ፣ ከወረደም የሳጥኑ ቁልፍ ከብብቷ አይወጣ። ስንት ዓመት በቀበቶዬ ይዤው ዞርሁ። አሁን ግን እጅሽ ላይ ነው። ቀይሪልኝና ያንን መዳብ ሐይቁ ውስጥ ጣይልኝ። ከድጃ እንዳትሰማ፣ ባክሽ። ሙሉ አርጌ ሳልሰጣት እንዳልሞት።"

ሄዱ። እኔና ጠገራው ቀረን። ሱቁን ከውስጥ ቆለፍሁ። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ለአፍታ አሰብሁት። መዳቡን ክር ላይ ባደርገው፣ ይህን ሳጥኔ ውስጥ ባኖረው ማን ያውቃል? እትየ ከድጃ መዳቡን ጠብቀው ነው የሚያዩት፤ ጋሽ ይማም ገልብጠው አያዩም። ሴትዮዋ ከጠገራው ላይ በጎን አየችኝ። ሰው ሁሉ ጠርጥሬ ያበቃሁ መስሎኝ ነበር፤ አንድ ቀርቶኝ ኖሯል፤ እሱም ቻርጀር ይሸጣል።

ልቀይርላቸው ወሰንሁ። ሌላው ችግር ግን፤ ይህ ውብ ጥቁር ከሰባት ነጮች መሐል ከገባ እትየ ከድጃ ከሩቅ ያዩታል። ሎሚ ቆረጥሁ። አመድ ዘገንሁ። ዓይኔን ጨፍኜ አጠብሁት። ያ ሁሉ ዘመን በላስቲክ ሳህን ውስጥ ግራጫ ውሃ ሆኖ ቀረ። ደፋሁት። አለቀስሁ፣ እውነቴን ነው፤ የሎሚው ነው እንዳልል እጄ እንጂ ዓይኔ አልነካውም።

የኒካሁ ዕለት እትየ ከድጃ ጌጡን በእጃቸው ለዘሀራ አጠለቁላት። ዘሀራ አበራች። እትየ ከድጃ ግን ጠገራዎቹን አንድ በአንድ መገልበጥ ጀመሩ። ገለበጡ፣ ገለበጡ፣ ጨረሱ። እንደገና ከመጀመሪያው። ከዚያ በዳሱ ውስጥ ከተቀመጠው ሰው ሁሉ መሐል እኔን ፈልገው አገኙኝ። ክንዴን ይዘው ከዳሱ ጀርባ፣ ድስቶቹ ከተደረደሩበት ወሰዱኝ።

"ቀዩ የታለ?"

"የቱ ቀይ?"

"አንች ልጅ!"

"ሳጥበው... ነጣ።"

"መዳብ በእጥበት ብር ከሆነ የጎርጎራን ድስት ሁሉ ላምጣልሽ! ሰረቅሽኝ!"

"ኧረ እትየ! መዳብ ሰርቄ ብር የምተካ ምን ዓይነት ሌባ ነኝ?"

"ሰብሳቢ ነሽ። የእናንተን ሥራ ማን ያውቃል!"

መዳቡን ሐይቁ ውስጥ ጣይው ተብዬ አልጣልሁትም ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ቀሙኝ ማለት ይቀላል። ሁለቱንም ፊቱን አዩት፣ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት፣ ቋጠሮውን በጥርሳቸው አጠበቁት። ከዚያ ነው ተንፍሰው ሌላው ጥያቄ የመጣላቸው።

"ነጩን ማን ሰጠሽ?"

"አንድ... ሰብሳቢ።"

"ሰብሳቢው ቆቡን እያወለቀ ያደርጋል?"

ድስቶቹን አየሁ። ጥሩ ድስቶች ነበሩ።

እትየ ከድጃ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ሳቁ። ሳቁ መሐል ላይ ሌላ ነገር ሆነና ዓይናቸውን ጠረጉ። "ጅል" አሉ፤ እኔን እንዳልሆነ ገባኝ። "ስንት ዘመን ቀበቶውን አላስነካ ሲለኝ ሌላ ሴት ያለችው መስሎኝ ስጠረጥረው!" ከዚያ ጣታቸውን አነሱብኝ። "እንዳወቅሁ ብትነግሪው ውርድ ከራሴ።"

በነጋታው ጀልባዋ ወደ ጎርጎራ ስትመለስ ልሸኛቸው ወደብ ወረድሁ። ዘሀራና አብዱ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ጌጡ በፀሐይ ያበራል፤ ጥቁረት የሚባል ነገር ላዩ ላይ የለም፤ አንድም ሰብሳቢ ዞር ብሎ አያየውም። ጋሽ ይማም ከመሳፈራቸው በፊት ጠጋ አሉኝ። "ጣልሽልኝ?"

"ሐሳብ አይግባዎት" አልኋቸው። "ማንም የማያገኝበት ቦታ ነው ያለው።"

እጄን ጨበጡኝ፤ እጄ በእጃቸው ውስጥ ጠፋ። ጀልባዋ ተነሣች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከኋላ ጎን ለጎን ተቀምጠው ወደ እኔ ያያሉ። ጋሽ ይማም በሚስታቸው ራስ ላይ አሻግረው፣ እሳቸው እንዳያዩዋቸው ተጠንቅቀው፣ አንድ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። በዚያው ቅጽበት እትየ ከድጃም ከባላቸው ትከሻ ሥር፣ በሌላው እጃቸው የነጠላቸውን ቋጠሮ እንደያዙ፣ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

ራሴን ነቀነቅሁ። አንዴ ብቻ። ሁለቱም ለራሳቸው ብቻ የነቀነቅሁ መሰላቸው፤ ፈገግ ብለው ዞረው ሐይቁን ማየት ጀመሩ።